ትንፍሽ ያላለው ሰው

«እንደ ፍየል ነው የሚጮኸው» አለ ልጁ። «ያውም ገና ሳይጀመር። አባባ አርባውን ሲቀበሉ ትንፍሽ አላሉም። የዛሬ ወንድ የጎማው ዱላ ሳያርፍበት እናቱን ይጠራል።»

አናጢው ይህን የሰማው ጠዋት፣ ገና ከአልጋው ሳይወርድ ነው። የእሱን አልጋ ከልጁና ከምራቱ መኝታ የሚለየው ራሱ ያቆመው የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ስለሆነ፣ በዚያ በኩል የሚባለው ቀርቶ የሚታሰበውም የሚሰማ ይመስለዋል። ምራቱ የባሏን ቀኝ ትከሻ በቫዝሊን እያሸች ነበር። መዳፏ ቆዳው ላይ ሲሄድና ሲመለስ ይሰማል። ልጁ ትናንት ከምሳ በኋላ እስከ ሥራ መውጫ ሰው ሲመታ ስለዋለ ክንዱ ከደረቱ በላይ አልነሣ ብሎታል። የተመታው ሰው ባለ ኪዮስክ ነው፤ ዶዘር ኪዮስኩን ሊያፈርስ ሲመጣ በሩ ላይ ተቀምጦ አልነሣም ያለ፣ ሲጎትቱትም «ነጻ አገር አይደለም እንዴ?» ብሎ የጠየቀ። ይቺ ጥያቄው ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ የሳምንቱ ቀልድ ሆናለች። ልጁ እየሳቀ ነገራት። እሷ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ሸሚዙን ለብቻው እንዲያስቀምጥላት፣ ደም በሙቅ ውሃ ከታጠበ እንደማይለቅ ብቻ ነገረችው።

አናጢው ጀርባውን ሰጥቶ ተኛ። «ትንፍሽ አላሉም» የሚለውን አርባ ዓመት ሙሉ ሲሰማው ኖሯል። ፈረንጆቹ አገሩን ይገዙ በነበረበት ጊዜ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሳለ፣ ከሚሠራበት የእንጨት መሰንጠቂያ አድማ አስነሥተሃል ተብሎ ተወሰደ። በሦስተኛው ቀን ጀርባው ተተልትሎ ወጣ። ዓመት ሳይሞላ ፈረንጆቹ ሲሄዱ ሰፈሩ «አርበኛው» አለው፤ ስሙም በዚያው ጸና። አርባ ጅራፍ ጠጥቶ አንድ ድምፅ፣ አንድ ስም አልወጣውም ተባለ። ታሪኩን የጀመረው እሱ አልነበረም። ሌሎች ጀመሩት፤ እሱ አላቋረጣቸውም። በየዓመቱ ትምህርት ቤት እየተጠራ ተማሪዎች ፊት ይቆምና ርዕሰ መምህሩ ሲተርክ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጥ ነበር፤ ያንንም ትሕትና አሉት። ልጁ ያደገው በዚህ ታሪክ ነው። እናቱ የሞተች ዕለት እንኳ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ከንፈሩን ነክሶ የአባቱን ዓይን ዓይን እያየ ቆመ እንጂ ዕንባ አልወጣውም። ለቀስተኛው ሁሉ «የአባቱ ልጅ» እያለ አደነቀው።

ቁርስ ላይ ሦስቱም አንዲቱን ጠረጴዛ ከበቡ። ዳቦው ዋጋው ጨምሮ መጠኑ አንሷል፤ ምራቱ የራሷን ቆርሳ ለአማቷ ልትጨምርለት ስትል ሆዷን እያሳየ መለሰላት። ስድስተኛ ወሯ ነው። ሕፃኑ ሲመጣ የት እንደሚተኛ ማንም አንሥቶት አያውቅም፤ የፖሊስ ካምፑ ቤት አንድ ክፍል ተኩል ነው፣ ተኩሏ ላይ ያለው ደግሞ እሱ ነው። ልጁ ሻዩን ጨርሶ የጣቢያው አዛዥ ለአባቱ መልእክት እንዳላቸው ተናገረ። ጣቢያ ውስጥ አንድ አግዳሚ እግሩ ተሰብሯል፤ ሌላ አናጢ ከምንጠራ የሳጅናችን አባት እያሉ ብለዋል። ልጁ ይህን ሲናገር ፊቱ በርቶ ነበር። በዚህ ወር የማዕረግ ዕድገት የሚያገኙት ሰዎች ዝርዝር ይወጣል፤ ዕድገት ያገኘ ደግሞ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ይሰጠዋል።

«የምን አግዳሚ ነው?» አለ አናጢው።

«የባለጉዳይ መቀመጫ ነው፣ አባባ።»

አናጢው ሌላ አልጠየቀም። መጋዙን፣ መሮውን፣ መዶሻውንና የኮላ ቆርቆሮውን ሣጥኑ ውስጥ ከተተ። ልጁ በደህናው ክንዱ ሊሸከምለት ቢል አልሰጠውም።

አውቶቡሱ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ነበር። የልጁን የደንብ ልብስ ያዩ ሁለት ተማሪዎች ሳይጠየቁ ከመቀመጫቸው ተነሡ። አባትና ልጅ ተቀምጠው፣ ሣጥኑን ጉልበታቸው መሐል አድርገው ሄዱ። አናጢው ያቺን ጣቢያ ከወጣባት ቀን ወዲህ ረግጧት አያውቅም። በዚያ በኩል የሚያልፍ አውቶቡስ ሲሳፈር እንኳ ሌላው መስኮት ጋ ይቀመጣል። ሕንፃው ያው ቢጫ ሕንፃ ነው። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ተቀይሯል፤ ባንዲራው ተቀይሯል፤ ግድግዳው በየጊዜው ስለተቀባ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ወፍሯል። ከበሩ ውጭ፣ አጥሩን ይዞ፣ እስረኛ ያላቸው ሰዎች የምግብ ዕቃቸውን በጨርቅ ቋጥረው ቆመዋል። በእሱም ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነበር የሚቆሙት። ከመካከላቸው ነጠላ ጫማ ያደረገች ወጣት ሴት ሮጣ መጥታ የልጁን እጅጌ ያዘች። የባለ ኪዮስኩ እኅት ነበረች። ወንድሟ በሕይወት እንዳለ ብቻ እንዲነግራት ለመነችው፤ ሦስት ቀን ያመጣችው ምግብ ሳይነካ እየተመለሰላት ነው። ልጁ እጇን ከእጅጌው አላቆና ሰልፏን ይዛ እንድትጠብቅ ነግሯት አለፈ። አናጢው ግን ዓይኗን አየ። እሷም አዝና አየችው፤ አዲስ እስረኛ መስሏት ይሆናል።

ክፍሉ በኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ልጁ በሩን ከፍቶ አምፖሉን አበራና ወደ አግዳሚው ሳያይ «ይኼውልዎ» ብሎ ወጣ። አናጢው ሣጥኑን አስቀምጦ ቆመ። ረጅም፣ ወፍራም፣ ከጥቁር እንጨት የተሠራ አግዳሚ ነው። በአራቱም ማዕዘን የብረት ቀለበት አለው። አንዱ እግሩ ከሥሩ ተገንጥሎ ወደ ጎን ተጋድሟል። ሲሚንቶው ታጥቧል፤ ውሃው ግን በስንጥቁ ውስጥ ቀይ ሆኖ ቀርቷል። አናጢው ተንበርክኮ የአግዳሚውን ራስጌ በጣቱ ዳሰሰ። የእንጨቱ ጠርዝ ተቦርቡሯል፤ አይጥ የበላው ይመስላል። አይጥ አይደለም፤ ጥርስ ነው። የስንት ሰው ጥርስ እንደሆነ መቁጠር አይቻልም፤ አንዱ በአንዱ ላይ እየነከሰ ጠርዙን በሰው አፍ ልክ አድርጎ ፈልፍሎታል። የእሱም ጥርስ እዚያ ውስጥ አለ።

የገረፈው ፈረንጅ አልነበረም። ፈረንጁ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን አነባብሮ ይቆጥር ነበር። የገረፈው የራሱ አገር ሰው፣ የራሱን ቋንቋ የሚናገር፣ ዕድሜው ከታላቅ ወንድሙ የማይበልጥ ወታደር ነው። ፈረንጁ ላቡን ሊጠርግ ዘወር ባለበት ቅጽበት ሰውየው ጆሮው ላይ ጎንበስ ብሎ «ወንድሜ፣ ቶሎ ተናገር፣ እጄ ዛለ» ያለው ዛሬም ድረስ ጆሮው ውስጥ እንደሞቀ ነው።

አናጢው አግዳሚውን ገለበጠው። ከሥር ሲያየው የሠራው ሰው የተዋጣለት ባለሙያ ነበር። ምስማር የለበትም፤ እግሮቹ በተጠረበው ቀዳዳ ልክክ ብለው ገብተው በሽብልቅ የተያዙ ናቸው። አንድ ቀን አንድ የሰፈሩ አናጢ ይህን ታዞ፣ ቀለበቶቹ ለምን እንደሆኑ ሳይጠይቅ፣ ወይም ጠይቆ መልሱን ሰምቶ፣ በጥንቃቄ ጠርቦ አስረክቧል። አናጢው ሣጥኑን ዘግቶ ሊሄድ ፈለገ። ወደ በሩ ተመለከተ። ባለ ሁለት ክፍሉን ቤት፣ የምራቱን ሆድ፣ ጠዋት የልጁን የበራ ፊት አሰበ። ከዚያ እጁ ራሱ መሮውን አነሣ። የተሰበረውን ቁራጭ ከቀዳዳው ፈለፈለ፣ አዲስ ሽብልቅ ጠረበ፣ ኮላ ቀባ፣ በመዶሻ መታ። ሥራው አልከበደውም። በመሐል የገዛ ሥራው አምሮበት ሲያየው ራሱን ታዘበና መዶሻውን ጣለው፤ ቆይቶ ግን መልሶ አነሣው። እኩለ ቀን ላይ አግዳሚው በአራት እግሩ ቆመ።

አዛዡ አራት ወጣት ፖሊሶችና ልጁን አስከትለው ገቡ። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። አግዳሚውን በሁለት እጃቸው ነቅነቅ አድርገው፣ ላዩ ላይ ቁጭ ብለው ሞከሩትና የአናጢውን እጅ ያዙ። ወጣቶቹን እያዩ ይህን ሰው እንዲያከብሩት፣ በዚሁ ክፍል፣ በዚሁ አግዳሚ ላይ አርባ ጅራፍ ተቀብሎ ድምፁ እንዳልተሰማ፣ እንዲህ ያሉ ወንዶች ባይኖሩ ዛሬ እነሱ ይህን ልብስ እንደማይለብሱ ተናገሩ። ልጁ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ከዚያ አዛዡ ለአንዱ ምልክት ሰጡና ባለ ኪዮስኩ ሁለት ሰው ደግፎት መጣ። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። ጎኑን በክንዱ አጥብቆ ይዞ በአጭር በአጭሩ ይተነፍሳል። አግዳሚው መጠገኑን ሲያይ ወደ ኋላ ሸሸና ሁለቱ ገፍተው አቆሙት።

«ይኼ ልጅ አገሩ ነጻ መሆኑንና አለመሆኑን ይጠይቀናል» አሉ አዛዡ። «እኛ ደግሞ ነግረነዋል። ያኔ የምንመታው ፈረንጅ አዞን ነው። ዛሬ ማንም አያዘንም። ከዚህ በላይ ምን ነጻነት አለ?» ወጣቶቹ ሳቁ። አዛዡ የአናጢውን ትከሻ ያዙ። «አባቴ፣ እርስዎ ይንገሩት። ወንድ ልጅ እንዴት እንደሚችለው ይንገሩትና ዛሬ ጩኸቱን ይቀንስልን።»

አናጢው ልጁን አየው። ልጁ የሚወደውን ታሪክ እንደሚጠብቅ ሕፃን አፉን በትንሹ ከፍቶ ይጠብቃል።

«ጮኼያለሁ» አለ አናጢው።

አዛዡ አልሰሙትም መሰል ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ከመጀመሪያዋ ነው የጮኽኩት። እናቴን ጠራሁ። ሱሪዬ ላይ ሸናሁ። ሲፈቱኝ የፈረንጁን ጫማ ሳምኩ። አርባ የሚባል የለም፤ አሥራ አንድ ላይ ስም ሰጠሁ።» ይህን የሚናገረው ለእስረኛው ነበር። «በራስህ አትፈር፣ ልጄ። እዚህ ያልጮኸ ሰው የለም።»

እስረኛው ባልተዘጋው ዓይኑ አፈጠጠበት። ከወጣት ፖሊሶቹ አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ልጁ «ውሸት ነው» አለ፤ ድምፁ ቀጭን ሆኖ ወጣ። «አባባ ደክሟቸዋል። ውሸት ነው።» አዛዡ ግን የሰው ውሸትና እውነት መለየት ሥራቸው ነው። ፈገግታቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። አዛውንቱን ወደ ውጭ እንዲሸኙት ለአንዱ ነገሩ፤ ልጁንም ጎማውን እንዲያነሣ አዘዙት። እስረኛውን ወደ አግዳሚው ሲጎትቱት አናጢው ቀደመና ተቀመጠበት። ከዚያ እንደሚተኛ ሰው እግሩን ሰብስቦ በደረቱ ተጋደመ፤ ሁለት እጁን አሻግሮ የገዛ ሥራውን አቀፈ።

«ይነሡ፣ አባባ» አለ ልጁ።

አልተነሣም።

«ይነሡ እኔ ልሙት።» ወደ አዛዡ ዞሮ አየ። አዛዡ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ያለ ምንም ቁጣ፣ ሳጅኑ ምን እንደሚያደርግ ሊያዩ ቆመዋል። ልጁ ጎማውን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ አዞረ። ከዚያ፣ ተወልዶ አፉን ከፈታ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አባቱን «ተነስ!» አለው። «አንተ ውሸታም፣ ተነስ!»

የመጀመሪያዋ ወገቡ ላይ አረፈች። አናጢው በስልሳ ዓመቱ ያ ነገር ምን እንደሚመስል ረስቶት ኖሯል። ጮኸ። አላፈነውም፣ እንጨቱን አልነከሰም፤ አፉን ከፍቶ፣ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ጮኸ። ልጁ ደገመው፣ ሠለሰው። የግራ ክንዱ ስላልለመደ ጎማው አንዴ ትከሻ፣ አንዴ ጭንቅላት ላይ ያርፋል። አናጢው በየመሐሉ እናቱን ይጠራል፤ እናቱ ከሞተች ሠላሳ ዓመት ሆኗታል። ደም ከጆሮው ሥር ወርዶ ዓይኑ ገባ። የልጁን ትንፋሽ ከበላዩ ይሰማዋል፤ እያለቀሰ ይሁን እየደከመ አልለየውም። ቀጥሎ የምትመጣዋን ሲጠብቅ ቆየ፤ አልመጣችም። ጎማው ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ሰማ። ዓይኑን ጠርጎ ሲያይ ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጠዋት የበላውን ዳቦና የጠጣውን ሻይ ጫማው ላይ እያስመለሰ ነበር። አዛዡ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው «አውጧቸው» አሉ። «ሁሉንም አውጡልኝ።»

እስረኛውን ወደ መታሰሪያ ክፍሉ መለሱት። አናጢውን ሁለት ፖሊሶች ብብቱን ይዘው በኮሪደሩ ወስደው ከበሩ ውጭ ድንጋዩ ላይ አስቀመጡት። ከመካከላቸው አንዱ ሊሄድ ብሎ ተመለሰና፣ ማንም አለማየቱን አይቶ፣ ሸሚዙን ወደ ታች ሳበለት።

አጥሩን ይዘው የቆሙት ሰዎች ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ። የባለ ኪዮስኩ እኅት የያዘችውን ሣህን መሬት አስቀምጣ መጣች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ከውስጥ የሰማችው ጩኸት የወንድሟ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ወንድሟ እናታቸውን እንዲያ አድርጎ ሲጠራ አታውቅም፤ ድምፁም የእሱ አልመስል ብሏታል።

«እኔ ነኝ» አላት አናጢው። «የጮኽኩት እኔ ነኝ።»

የለበሰችውን ነጠላ አውርዳ ጆሮውን ያዘችለት። ማን እንደመታው አልጠየቀችውም። እሱም ለመናገር አፉን ሲከፍት ልጁ ወጣ። የአናጢነት ሣጥኑን ተሸክሟል። መጥቶ አጠገቡ አስቀመጠውና ቆመ፤ ሊቀመጥ አልደፈረም። መንገድ ላይ ታክሲ ጡሩንባውን ይነፋል፣ ማዶ ያለው ጎማ ቤት አየር ይሞላል።

«ማን ነበር?» አለ ልጁ። «ስሙን የሰጡት ሰው።»

አናጢው ነገረው። መሰንጠቂያው ውስጥ አብሮት መጋዝ የሚይዝ፣ አንድ አልጋ ላይ አብሮት የሚተኛ ጓደኛው ነበር፤ «ቀጮ» ይሉታል። አድማውን ያስነሣው ቀጮ ነው። በማግስቱ ወሰዱት፣ ከወር በኋላ በድኑን ሰጡ። የቀጮ እናት ልጇን በቀበረች በሳምንቱ የአናጢውን ጀርባ ልታጥብለት በሙቅ ውሃ መጣች። እሷ እንኳ የልጄ ጓደኛ ትንፍሽ አላለም እያለች ለሰው ታወራ ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?»

አናጢው ፈረንጆቹ የወጡ ሰሞን ሰው መንገድ ላይ የማያውቀውን ሰው እያቀፈ ያለቅስ እንደነበር፣ እሱን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሰፈሩን እንዳዞሩት፣ ከላይ ሆኖ የቀጮን እናት ስታጨበጭብ እንዳያት አስታወሰ።

«ሁሉም ደስ ብሎት ነበር» አለ። «ማቋረጥ ፈራሁ። ኋላ ደግሞ አንተ መጣህ።»

ልጅቷ ከሁለቱ መሐል ቆማ ይህን ሁሉ ሰምታለች። አሁን ነው ሁለቱ አባትና ልጅ መሆናቸውን ያወቀችው፤ ትውከት የነካው የልጁ ጫማና የሚደማው የአዛውንቱ ጆሮ ምን እንዳገናኛቸውም ያኔ ገባት። ነጠላዋን ከአናጢው ጆሮ ሳታነሣ ጠዋት የጠየቀችውን ጥያቄ ልጁን መልሳ ጠየቀችው።

ልጁ ሰልፏን እንድትይዝ አልነገራትም። «በሕይወት አለ» አላት። «ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰብሯል። የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

ነጠላውን ለቃ መታችው። በጥፊ ጀመረች፤ ከዚያ በሁለት ጡጫዋ ደረቱን፣ አንገቱን፣ አፉን መታችው። ልጁ እጁን አላነሣም። ከንፈሩ ተሰንጥቆ አገጩ ደማ። በሩን የሚጠብቀው ፖሊስ መሣሪያውን አዘቅዝቆ ቀረበና፣ የሳጅኑን ፊት ሲያይ፣ ባለበት ቆመ። ልጅቷ ሲደክማት አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለች። ከውስጥ የአዛዡ ድምፅ «ሳጅን!» ብሎ ጠራ። ልጁ አልዞረም።

አጥሩ ሥር የነበሩት ሰዎች ቀስ በቀስ መጡ። መጀመሪያ የመጣው አንድ የጎማ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ስለ አጎቱ ጠየቀ። ልጁ አጎቱ የት ክፍል እንዳለ፣ ምን እንደተደረገበት፣ ማን እንዳደረገው ነገረው። ቀጥላ የመጣችው ስለ ባሏ ጠየቀች፤ ነገራት። አንዱ ሰደበው፣ አንዱ ፊቱ ላይ ተፋበት፣ ሌላዋ አመሰገነችው፤ እሱ ግን የሁሉንም ጥያቄ እስከ መጨረሻው እየሰማ መለሰ። አናጢው ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ የልጁን ድምፅ አዳመጠ። ድምፁ ጠዋት በግድግዳው በኩል የሰማው ድምፅ አልነበረም፤ ይንቀጠቀጣል። አዛዡ ሁለተኛ ጠሩ፤ ሦስተኛ ጠሩ።

በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ሰዉ መንገድ ሲለቅላቸው መጡ። የያዙት ሣህን የለም። ስለ ልጃቸው ጠየቁት፤ ከተወሰደ አራት ወሩ ነው፤ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል ብለዋቸው ነበር።

ልጁ ኮፍያውን አወለቀና ነገራቸው።